ከአያት ሆኜ የመርካቶን ሒሳብ ስይዝ ስለ ሪሞትና ስለ ኢንተርኔት መስመር ያወቅኩት

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሦስት ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። አንደኛው መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው። ሁለተኛዋ ደንበኛዬ ገርጂ ምግብ ቤት አላት። ሦስተኛው አዳማ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። እኔ የምኖረው አያት ነው። ልጄን እስክወልድ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን መርካቶ እመላለስ ነበር። በታክሲ ሰልፉና በመንገዱ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት የሚፈጅበት ቀን ብዙ ነው። ከወለድኩ በኋላ ይህን መቀጠል አልቻልኩም። ሥራውን ልተወው ወይስ ከቤት ልያዘው የሚለው ጥያቄ መጣ።

አሁን ከቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የምሠራው በሪሞት ነው፤ ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት የደንበኛዬ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቼ ማለት ነው። በዚሁ ሙያ ያሉ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «በምን ፕሮግራም ነው የምትገቢው? የማንን ኢንተርኔት ነው የምትጠቀሚው?» መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ስለዚህ ያየሁትን እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው በፍላሽና በቴሌግራም ነበር። የመርካቶው ሱቅ ካሸር የፒችትሪውን (የሒሳብ መዝገቡ የሚያዝበት ፕሮግራም ነው) ባክአፕ፣ ማለትም ቅጂውን፣ ትልክልኛለች። እኔ ቤት ከፍቼ እሠራለሁ፣ ከዚያ መልሼ እልክላታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸ። እኔ ቤት የግዢ ደረሰኝ ሳስገባ እሷም በዚያው ቀን ሱቅ ውስጥ ሽያጭ አስገብታለች። የኔን ባክአፕ ስትጭነው የሷ ሥራ ጠፋ። የቫት ማስታወቂያ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የሁለት ቀን ሽያጭ ከወረቀት ላይ እንደ አዲስ አስገባን። አንድ መዝገብ ሁለት ቦታ ሊኖር እንደማይችል ያን ጊዜ ገባኝ።

«ፎልደሩን በኢንተርኔት ሼር አድርገን ከቤትሽ ብትከፍቺውስ?» ያለኝ ሰው ነበር። እንዳትሞክሩት። ፒችትሪ ዳታውን ከዲስክ ላይ ያለማቋረጥ የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። የሚስማማው አንድ ቢሮ ውስጥ በገመድ ለተያያዙ ኮምፒውተሮች ነው። መሐል ላይ መስመሩ ከተቆረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ስትገቡ ግን ዳታው ከቦታው አይነቃነቅም። ወደ እናንተ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ነው። ከእናንተ የሚሄደው ደግሞ የማውስና የኪቦርድ ትእዛዝ ብቻ ነው። መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ ፒችትሪው እዚያ እንደተከፈተ ይቆያል። ተመልሳችሁ ስትገቡ ከተዋችሁበት ትቀጥላላችሁ።

በሪሞት ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ ግን ስክሪኑ መድረቅ ጀመረ። ማውሱን አንቀሳቅሼ ሦስት ሰከንድ እጠብቃለሁ። ቁጥር እጽፋለሁ፣ አይታይም፣ ደግሜ እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣና 4500 የነበረው 45004500 ይሆናል። በሒሳብ ሥራ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ጣልኩና ሌላ ጫንኩ። ያም ያው ሆነ። ሦስተኛ ጫንኩ። በኋላ እንደታየው ችግሩ ከፕሮግራሞቹ በአንዳቸውም አልነበረም።

ነገሩን የፈታልኝ ሰዓቱን መመዝገቤ ነው። ስክሪኑ የደረቀበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሳየው በየቀኑ ማለት ይቻላል ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ለካሸሯ ደወልኩና «በዚህ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አልኳት። «ምንም። ጋሼ ምሳ ሊበሉ ቤት ይሄዳሉ» አለችኝ። ጋሼ የሱቁ ባለቤት ናቸው። ሱቁ ውስጥ 8 የደህንነት ካሜራ አለ። ቤታቸው ምሳ እየበሉ ስምንቱንም በስልካቸው ከፍተው ሱቁን ያያሉ። ምስሉ ከሱቁ ወደ ስልካቸው የሚሄደው በአፕሎድ፣ ማለትም ከሱቁ ወደ ውጭ በሚላክበት በኩል ነው። የኔም የስክሪን ምስል ከሱቁ የሚወጣው በዚያው በር ነው። በሩ ደግሞ ጠባብ ነው።

አብዛኞቻችን የማናስተውለው ይህን ነው። ኢንተርኔት ስንገዛ የምንሰማው ቁጥር የዳውንሎዱን፣ ማለትም ወደ እኛ የሚመጣበትን ፍጥነት ነው። ለፊልምና ለፌስቡክ እሱ ይበቃል። በሪሞት የምንገባበት ኮምፒውተር ግን ምስሉን የሚልክ እንጂ የሚቀበል አይደለም። ስለዚህ እዚያ ወሳኙ አፕሎድ ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ከጥንቱ የተሠራው ዳውንሎዱ ሰፊ፣ አፕሎዱ ጠባብ ሆኖ ነው። ሱቁ ውስጥ ስለካው ዳውንሎዱ 7 ሜጋ ቢትን አልፎ አፕሎዱ 0.6 ብቻ ነበር። ለሒሳብ ሥራ ይህም ብቻውን ሆኖ ቢተው ይበቃል። ከስምንት ካሜራ ጋር ግን አይሆንም። ካሜራዎቹ ሳይከፈቱ ፒንጉን (ትንሽ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ስለካ 60 ሚሊሰከንድ አካባቢ የነበረው ጋሼ ስልካቸውን ሲከፍቱ ከ800 በላይ ይወጣል።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ካሜራውን ሲያዩ ስምንቱን በአንድ ላይ አይክፈቱ። የሚፈልጉትን አንዱን ይክፈቱ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ የኔ ስልክ ነው እንዴ?» አሉ። ካሜራውን የገጠመው ልጅ መጥቶ በስልክ የሚታየውን ምስል ጥራቱን ዝቅ አደረገው። የካሜራዎቹ መቅጃ ለዚህ የሚሆን ሰብ ስትሪም የሚባል ምርጫ አለው። ሱቁ ውስጥ የሚቀዳው ግን ጥራቱ እንዳለ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት መድረቅ ቀረ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር ተጨማሪ ለኢንተርኔት አልተከፈለም።

ስለዚህ ፕሮግራም ከመቀያየራችሁ በፊት፣ ፓኬጅም ከማሳደጋችሁ በፊት፣ ሁለቱንም ጫፍ ለኩ። አለካኩ ከባድ አይደለም። የፍጥነት መለኪያ ስትከፍቱ ሦስት ቁጥር ይሰጣችኋል፦ ዳውንሎድ፣ አፕሎድና ፒንግ። በቢሮው በኩል አፕሎዱን እዩ። በሁለቱም በኩል ፒንጉን እዩ። አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትመኑ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ለኩ። የኔ ቤት መስመር ጠዋት የሚያምርና ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ የሚንገዳገድ ነበር። በተጨማሪም ኮማንድ ፕሮምፕት (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ከፍታችሁ ping -t 8.8.8.8 ብላችሁ ወደ ጉግሉ አድራሻ ለአምስት ደቂቃ ፒንግ አድርጉ። አንዱ መልስ 70፣ ቀጣዩ 400፣ ሌላው ጭራሽ የማይመጣ ከሆነ ያ መስመር ለዩቲዩብ እንጂ ለሪሞት አይሆንም። ፍጥነቱ መካከለኛ ሆኖ የማይዘል መስመር ፈጣን ሆኖ ከሚዘል መስመር ይሻለኛል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። እዚህም የጥፋቱ ግማሽ የራሴ ቤት ነበር። ራውተሩ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ ባለው ክፍል፣ መሐላችን ሁለት የብሎኬት ግድግዳ። 15 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዛሁና ላፕቶፑን በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰካሁት። አቅራቢ ለመቀየር አስቤ ነበርና ይህን ባላደርግ ኖሮ በከንቱ እቀይር ነበር። እናንተም መጀመሪያ በገመድ ሞክሩት። በገመድ ጥሩ ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው።

ሌላ የገረመኝ ነገር አለ። ከአያት መርካቶ በአንድ ከተማ ውስጥ ነው። ምስሉ ግን አንዳንድ ቀን አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሪሞት ፕሮግራሞቹ መጀመሪያ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በቀጥታ ሊያገናኙ ይሞክራሉ። ካልቻሉ መሐል ላይ ያለ የፕሮግራሙ ሠሪ ድርጅት አገልጋይ (ሰርቨር) ተቀብሎ ያስተላልፋል። ያ አገልጋይ ብዙ ጊዜ ያለው ውጭ አገር ነው። በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር ስትጠቀሙ ይህ ይበዛል። ብዙ ደንበኞች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚጋሩ ቀጥታ ግንኙነት ይከብዳል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ግንኙነቱ ቀጥታ መሆን አለመሆኑን በትንሽ ምልክት ያሳያሉ። ፈልጋችሁ እዩት። እኔ በቀጥታ ስገናኝና በአስተላላፊ ስገናኝ ያለው ልዩነት በጣቴ ይታወቀኛል።

የኢንተርኔት አቅራቢ አመራረጥ ላይ አንድ ምክር ብቻ ብሰጥ ይህ ነው፦ ማስታወቂያውን ሳይሆን ጎረቤታችሁን ጠይቁ። በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ አንዱ ሕንፃ ፋይበር ገብቶለት ቀጣዩ በአሮጌ ሽቦ ይሠራል። በኢትዮጵያ ዋናው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረና ሁለት የሞባይል ኔትወርክ አገኘን። በአንዳንድ ሰፈሮችና ሕንፃዎች ደግሞ እንደ ዌብስፕሪክስ ያሉ አቅራቢዎች መስመር ያስገባሉ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ። አያት ላይ ለኔ የሚሻለው ገርጂ ላይ ላይሻል ይችላል። በሲም የሚሠራ ከሆነ የጓደኛችሁን ስልክ ተውሳችሁ ሆትስፖት አድርጉና ዴስካችሁ ላይ ሆናችሁ ማታ ለኩ። መስኮት አጠገብና መሐል ክፍል ያለው ልዩነት ራሱ ያስደነግጣል።

ፋይበር የሚገባላችሁ ከሆነ አታመንቱ፣ አስገቡ። አፕሎዱም ፒንጉም ከሽቦው በእጅጉ ይሻላል። ጥያቄያችሁ ግን ስለ ዳውንሎድ ብቻ አይሁን። «አፕሎዱ ስንት ነው? ያልተገደበ ሲባል ከስንት ጊጋ በኋላ ይቀንሳል? ሲቋረጥ የሚደወልለት ማን ነው?» በሉ።

ከዚያ ሁለተኛ መስመር ያዙ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የሰፈራችን መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ተቆረጠና ዘጠኝ ቀን ቆየ። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ መስመር አልነበረኝም። ልጄን አዝዬ ካፌ ለካፌ ተንከራተትኩ። አሁን ዋናው መስመሬ በገመድ ነው፣ መጠባበቂያው ደግሞ የሌላ ድርጅት ሲም ነው። ሁለቱ በተለያየ መንገድ መምጣታቸው ነው ቁም ነገሩ። ሁለት መስመር በአንድ ጉድጓድ ካለፈ እንደ አንድ ቁጠሩት። መጠባበቂያው ብዙ ዳታ አይፈልግም። በኔ ሥራ ሪሞት በሰዓት ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ነው የሚበላው። ስክሪኑ ካልተለወጠ ብዙ አይልክምና። የቢሮውን ኮምፒውተር የጀርባ ፎቶ አጥፍታችሁ አንድ ወጥ ቀለም ካደረጋችሁና የምስል ጥራቱን ዝቅ ካደረጋችሁ ደግሞ ይቀንሳል። ለቁጥር የሚያምር ቀለም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ። ቲምቪወርና ኤኒዴስክ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ሁለቱም የጀርመን ድርጅቶች የሠሯቸው ናቸው። በነጻ የሚሰጡት ለግል ጥቅም ነው። ለእናታችሁ ስልክ ወይም ለወንድማችሁ ላፕቶፕ ማለት ነው። ደሞዝ የምታገኙበት ሥራ ከሆነ ፈቃዱ መግዛትን ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ሳላነብ አንዱን ነጻ ፕሮግራም ለሥራ ተጠቀምኩ። በወሩ መጨረሻ፣ ሥራ በተጧጧፈበት ሰዓት፣ የንግድ አጠቃቀም ይመስላል ብሎ ዘጋብኝ። ልክ ነበር፤ የንግድ ነው። ስለዚህ ሥራችሁን በነጻው ላይ አታንጠልጥሉት። ወይ ግዙ፣ ወይ ለሥራም የሚፈቅደውን ፈልጉ።

ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ነጻ ነው፣ አጫጫኑም ቀላል ነው። በጉግል አካውንትና ቢያንስ 6 አሃዝ ባለው ፒን ነው የሚከፈተው። ለዚህ ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት ክፈቱ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ቆልፉት። የካሸሯን ወይም የባለቤቱን የግል አካውንት አትጠቀሙ። አካውንቱ በእጁ ያለ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት ይችላል። ረስትዴስክ ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። አስተላላፊ አገልጋዩን ራሳችሁ አዲስ አበባ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ያን ጊዜ የአውሮፓው ዙር ይቀራል። ግን ይህን የሚያቆምና የሚጠብቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ለገርጂው ምግብ ቤት በክሮም ነበር የምገባው። አንድ ቀን ፔሮሉን ከፈትኩ። የምግብ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ባንኮኒው ላይ ነው። እኔ ቤት የማየው ሁሉ እዚያም ስክሪኑ ላይ ይታያል። አስተናጋጆቹ ተሰብስበው የሁሉንም ደሞዝ አነበቡ። በማግስቱ ጠብ ሆነ። ባለቤቷ ደውላ «እህቴ፣ ምን አድርገሽ ነው ሠራተኛ ያጣላሽብኝ?» ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ይቅርም አለችኝ። የሰው ገንዘብ የምንይዝ ሰዎች ስለ ፕሮግራም ከመጠየቃችን በፊት መጠየቅ ያለብን ይህን ነው፦ እኔ ስሠራ በወዲያኛው በኩል ማን ያያል?

የዊንዶውስ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ይህን ይፈታል። እናንተ ስትገቡ እዚያ ያለው ስክሪን ይቆለፋል። ፍጥነቱንም እወደዋለሁ። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ የምትገቡበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሆም ከሆነ አይቀበላችሁም። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሰው ነው። እናንተ ስትገቡ ካሸሯ ትወጣለች። ከገርጂ ጋር የተስማማነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ምግብ ቤቱ ሳይሟሟቅ፣ ኮምፒውተሩ የኔ እንዲሆን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ «ራውተሩ ላይ 3389 ፖርትን ልክፈትልሽና ከየትም ትገቢያለሽ» ካላችሁ እምቢ በሉ። 3389 የዊንዶውስ ሪሞት በር ነው። በኢንተርኔት ላይ ክፍት የሆነውን ይህን በር ቀንና ሌሊት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። አግኝተው የይለፍ ቃል እየገመቱ ይሞክራሉ። አንዲት የሙያ ጓደኛዬ የምትሠራበት ድርጅት በዚህ መንገድ ተገብቶበት ፋይሉ ሁሉ ተቆለፈ። ለመክፈቻው ገንዘብ ተጠየቀ። ባክአፑም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለነበር አብሮ ተቆለፈ። ትክክለኛው መንገድ ቪፒኤን ነው። እንደ ቴይልስኬል ያለ ፕሮግራም ሁለቱን ኮምፒውተሮች ብቻ የሚያገናኝ የግል መተላለፊያ ይሠራል። ሪሞቱን በዚያ ውስጥ ታሳልፋላችሁ። ራውተሩ ላይ ምንም በር አይከፈትም።

የታወቀ ስም ስላለውም አትዘናጉ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኤኒዴስክ ራሱ ሲስተሙ ውስጥ ሰርጎ ገቦች መግባታቸውን ይፋ አድርጎ የዌብ መግቢያውን የይለፍ ቃሎች ሁሉ ሰርዟል። ፕሮግራሙን ከድርጅቱ ገጽ ብቻ አውርዱ፣ አድሱት፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ስጡት። ሠራተኞቹንም አስተምሩ። ደውሎ «ከባንክ ነኝ፣ ይህን ፕሮግራም ጫኚና ቁጥሩን ንገሪኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይህን በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ።

መብራት ደግሞ አለ። መስመሩም ፕሮግራሙም ጥሩ ሆኖ እሁድ መርካቶ መብራት ከጠፋ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ የሚያበራው ሰው የለም። ይህን ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ማስተካከል ይቻላል። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ። አጠራሩ እንደ ኮምፒውተሩ ይለያያል፣ ባለሙያ በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል። ሳይነካ ሲቆይ ስሊፕ እንዳይገባም አስተካክሉት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የግድ ነው፣ ራውተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት። ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው? ቤቴም ለራውተሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ሥራዬን አላቋርጥም።

የአዳማው ደንበኛዬ አሁንም የሚሠራው በሲም ራውተር ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ትልቁን ፓኬጅ ልግዛ?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ልጁ ስልኩ ላይ መለኪያውን ጭኖ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ እየለካ ቁጥሩን በቴሌግራም እየላከልኝ ነው። እስካሁን የሦስት ቀን መጥቷል። አፕሎዱ ደህና ነው፣ ማታ ማታ ግን ፒንጉ ይዘላል። ራውተሩን ከመጋዘኑ አውጥተው መስኮቱ አጠገብ እንዲያስቀምጡት ነግሬያቸዋለሁ። የቀሩትን አራት ቀናት እዚያ ሆኖ ይለካል።